እን፣ አይ፣ እት

አል ኾር፤ ሐሙስ ከሰዓት፤ መስኮቱን ወበቅ ሲያልበው፣
የኤሲው ውኃ ከባልዲ ጠብ ጠብ ሲል ልቤ ሲቆጥረው፣
እኔ ሽንኩርት ስልጥ፣ ሱኒቫ ደብተሯን ዘርግታ
ታነባለች፤ ሰባት ዓመቷ ነው፣ የፊት ጥርሷን አጥታ።

«ሲሳይ፣ ስሚኝ እስቲ፤ ከተሳሳትኩ ንገሪኝ።»
ኖርዌይኛ አልሰማ፤ ግን ዳኛ አርጋ አስቀመጠችኝ።

«በእኛ አገር ስም ብቻውን አይወጣም፤
ከፊቱ ትንሽ ቃል ይመራዋል» አለች፤ «ያለሱ አያምርም።
ለወንዱ እን ነው፣
ለሴቷ አይ ነው፣
ለሁለቱም ላልሆነው እት።»

እን ቦት። ጀልባ። ወንድ።
አይ ዶር። በር። ሴት።
እት ሁስ። ቤት።
ወንድም አይደል፣ ሴትም አይደለች።
«ታዲያ ምንድን ናት?» ብላት ትከሻዋን ሰበቀች።

«እት ባርን» ቀጠለች። ልጅ ማለት ነው።
«አንቺስ?»
«እኔም እት ነኝ፤ እስካድግ ነው።»

ቢላዬን አስቀመጥሁ።
እነዚህን ቃላት እኮ ከድሮም አውቃቸዋለሁ።
እን የተቆረጠ ራስ ነው፤ እንብላ፣ እንሂድ፣ እንግባ፤
ጭራው አገር ቤት የቀረ፣ አውሮፕላኑ ላይ ሳይገባ።
አይ ደግሞ አክስቴ ጉልበቷን ይዛ ከዱካ ስትነሣ
የምትለው ነው፤ አንድ ትንፋሽ፣ የዓመት ድካም የሚያነሣ።
እት፣ ይህቺ እኅት ናት፤ መሐሏ ተውጦባት፤
እቴ፣ እትዬ፣ እታለም ስንል የምንጠራት።
እናንተ ጾታ የነሳችሁትን፣ ቤቱን፣ ልጁን፣ ባሕሩን፣
ጆሮዬ እኅት አደረገው፤ ምን ላርግ፣ ሰማ የሰማውን።

ሲመሽ አባቷ ስታይናር ከጋዝ ፋብሪካው መጣ፤
የሥራ ቆቡን ሳያወልቅ ደብተሩን አየና ተቆጣ፤
«እን ዶር!» አለ። «በርገን ተወልጄ አይ የሚል ቃል አላውቅም፤
እኛ ጋ በርም፣ መጽሐፍም፣ ሴት ልጅም ያው እን ነው፤ ሌላ የለም።»
ቶርዲስ ከፎቅ፣ ጸጉሯን እያደረቀች፣ «አይ ዶር!» አለች፤
የሰሜን ደሴት ልጅ ናት፤ በበር የመጣባትን መቼ ማረች?
ክርክሩ ሲከር፣ በሩ ወለል እንዳለ፣
የከፈሉበት ቅዝቃዜ ወደ በረሃ ኮበለለ።

እኛ ቤት ጾታን የሚያድል ልብ ነው።
ብርጭቆ ተሰበረ እላለሁ፣ የማንም ሲሆን፤
የምወዳት ብርጭቆ ግን ተሰበረች።
ታናሽ ወንድሜን ሳቆላምጠው «አንቺ» እለው ነበር፤
አንድ ቀን አልከፋውም።
ይህን ለስታይናር በየት በኩል ላስረዳው?

ኢቃማዬም ቁልምጫ አያውቅም።
ወንድ ሲጠብቅ አባቴ ያወጣልኝን ስም አይቶ፣
ደላላው «ሲሳይ? ወንድ!» ብሎ ሞላው፣ ሻዩን ጠጥቶ።
ባለፈው ክሊኒክ ዘበኛው ካርዴን አየ፣ ቀሚሴን አየ፣
የወንዶቹን ሰልፍ ሊያሳየኝ ጀምሮ ጣቱ አየር ላይ ዘገየ።
ሁለት ዓመት በወረቀት እን ነኝ።

«ሱኒቫ፣ እኔንስ በምን ትጽፊኛለሽ?»
እርሳሷን ነከሰች።
«ለሰው ስም አይደረግም። ግን እናቴ አገር» አለች፣
«ከስም ፊት ሁ ይላሉ፤ እሷ ማለት ነው።» ጻፈች፤

ሁ ሲሳይ።

ሁ።
እኛ ጋ ከኋላ ነው የምትቆመው፤ መጣሁ፣ ላጥሁ፣ ቻልሁ፤
ወንዱም ሴቷም እኩል የሚለው፣
ደላላ የማይሞላው።

እነሱ ገና ይከራከራሉ።
ጉልበቴን ይዤ፣ «አይ» ብዬ ተነሣሁ፤
በሯን ዘጋኋት።