የሃይላንድ ቀለበት

አባቴ ጠራቢ ነው። የሚያውቀው አንድ ግንድ፣
ከአንድ ግንድ ሦስት እግር፣ ያለ ሚስማር፣ ያለ ገመድ።
«የተጣበቀ ይለቃል» ይላል፣ መጥረቢያውን ሲስል፤
«ዋንዛ ሙሉውን ካልወጣ፣ የሰው ሸክም አይችል።»

እኔ ደግሞ ወርክሾፕ፣ የቆርቆሮ ጣራ ሥር፣
የጅማ ዝናብ ካንኳኳ ጮኾ ነው የሚያስተምር
መምህር ናስር አባመጫ፣ ኮቱ ኮላ የጠጣ፣
እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ክፍል ሙሉ ፈልጎ ያጣ።
«ፕላስቲክ እንደ ልጅ ነው፤ በልኩ ብታሞቂው ይታዘዛል፤
ካበዛሽበት ያኮርፋል፣ ይጠቁራል፣ ይገማል።»

ሰኞ ስለ መጋጠሚያ ነበር። ሰሌዳው ላይ ጻፈልን፦
«ኮላ ለሚመሳሰል፣ ሪቬት ለማይተማመን።»
«እንጨትና ላስቲክስ?» ብዬ እጄን አወጣሁ።
«እነሱ?» አለ። አሰበ። «እነሱን ገና አላጋባሁ።»

ማክሰኞ መብራት ጠፋ። የማሞቂያው ማሽን ዝም አለ።
ሠላሳ ልጅ፣ አራት ሞርሳ፤ ከሰል ተቀጣጠለ።
ሙዘይን ቧንቧ ሲያጎብጥ የጋለው ጫፍ ጣቱን ፈጀው፤
ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ «አላመመኝም» አለ፤
ማን ጠየቀው?

እኔ ከቤት ያመጣሁት ለማገዶ የተፈረደ፣
አንድ እግሩ ላይ ከጉልበት እስከ ተረከዝ ስንጥቅ የወረደ
በርጩማ ነበር።
የሃይላንዱን አንገትና ቂጡን ቆርጬ ጣልኩት፣
ወገቡን ብቻ አስቀርቼ፣ እንደ ቀለበት አጠለቅኩት
በተሰነጠቀው እግር ላይ።
ሰፋ። ተንቀዋለለ።
«የእናትሽን ቀሚስ አለበስሽው!» ክፍሉ በሳቅ ተንከባለለ።

ወደ ፍሙ አስጠጋሁት። አዞርኩት።
መጀመሪያ ምንም።
ከዚያ ሽብሽብ አለ፤ ጠበበ፤ እንደ ቡጢ፣ እንደ ቂም
እንጨቱን ጨበጠ፤ ስንጥቁ ከንፈሩን ገጠመ፤
ናስር ከነጭቃ ጫማው ወጣበትና ቆመ።
«ሲሠራ ጣት አክሎ ነው፤ ተነፍቶ ነው የሰፋው፤
እሳት ሲያይ ልጅነቱን ናፍቆ ሊመለስ ሲል ነው
መሀል ያገኘውን አቅፎ የሚቀረው።»

በሂርማታ ጭቃ፣ በዝናብ፣ ተሸክሜ ቤት ገባሁ።
አባቴ ገለበጠው። ቀለበቱን በጥፍሩ ፋቀ። ጠበቅሁ።
ተረቱን አልተረተም።
ለገዢ ከተደረደሩት ጎን ግን አላኖረውም፤
ከፍቅፋቂው ክምር ጀርባ ወረወረው።

ማታ ሱቁ ሲዘጋ፣ በበሩ ቀዳዳ አየሁት፣
ስንት ሙሉ በርጩማ እያለ፣ ያንን ስቦ ሲቀመጥበት።

ሐሙስ ከገበያ ሲመለስ ሁለቱም ኪሱ አብጦ፤
ሁለት ባዶ ሃይላንድ፣ ታጥቦ፣ ወረቀቱ ተልጦ።
«መንገድ ላይ ወድቀው አገኘሁ» አለ፣ ፊቱን ወደ መጥረቢያው፤
ማን ጠየቀው?