የትኛው ቀደመ

ፒያኖ ቃኚ ነኝ፤ በጆሮዬ አዳሪ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሽቦ መርማሪ፤
ቤተ ጸሎት ይሁን፣ የተማሪ አዳራሽ፣
የላላውን አጥባቂ፣ የተዛባ መላሽ።

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ፒትስበርግ ይዘንባል፤
ካርሰን ጎዳና ላይ አስፋልቱ ያበራል።
በስልኬ የጠራሁት ግራጫ ቶዮታ መጣ፤
ማርሎን ፔቲግሩ፣ ቀን መጋዘን ጫኝ፣ ማታ ሾፌር፣
ስለ ልጁ ክላሪኔት ሲያወራኝ ነበር።
«ይጮህበታል» አለ። «ሸምበቆውን ቀይርለት» አልሁት።
መንገዱ በዚህ አጠረ።

ቤቴ በር ላይ ፍሬን ያዘ፤ ስልኩን ነካ።
ስልኩ ዘመረ፦ ሁለት ኖታ፣ ከሶል ወደ ዶ፤
ከዚያ ከኋላችን ብረት መጣ፣ እንደ መብረቅ ነጉዶ።

ፒክ አፕ ነበር አሉ፤ ታርጋውን ማንም አላየ፤
ገጨን፣ ወደ ኋላ አለ፣ ዞረ፣ ተለየ።
ግራ አንጓዬ ተሰበረ በሁለት ስፍራ፤
ማርሎን ዝናቡ ላይ ቆሞ ከኔ ይበልጥ ፈራ።

መድን ሲሉት የሚያድን መስሎኝ ነበር።
የማርሎን መድን ድርጅት ደብዳቤ ላከ፦
«ውሉ ለቤት መኪና ነው፤ ለገንዘብ ሰው ሲጭን
እኛን አይመለከተን።»
የኩባንያው ሰው በስልክ፣ ድምፁ ቅቤ፦
«ተሳፋሪ እስካለ ድረስ ሽፋኑ ሰፊ ነው፣
ያንቺ ጉዞ ግን ሦስት ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ ተዘግቷል።»
«ግጭቱስ?» ብል፣ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ።
«እሱም ሦስት ከአርባ አንድ ነው» አለ። ዝም አልሁ።
«ሆኖም ለርኅራኄ፣ አራት ሺህ ዶላር።»
ከሥሩ አንዲት መስመር፦ ከእንግዲህ አልጠይቅም። ፊርማ።
የሆስፒታሉን ፖስታ በጥርሴ ከፈትሁ፤
አርባ ሰባት ሺህ ይላል።

የጠበቃዬ ቢሮ ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ነው፤
ማሽኖቹ ሲዞሩ ወለሉ ይርዳል፣
የማሞቂያው ቧንቧ በሲ ቤሞል ያንጎራጉራል።
«ከረታን ሢሶው ለኔ፣ ከተረታን ምንም» አለች ወይዘሮ ፋዙሊ፤
«ይርጋው ሁለት ዓመት ነው፤ አትቸኩዪ፣ ግን አትተኚ፤
አትፈርሚ። ከማርሎንም ጋር አትነጋገሪ።
ክሱ ላይ ስሙ ይገባል፤ ያለ ስሙ በሩ አይከፈትም።»
ይርጋ! ቃሉ ብቻ ረጋ፤
አጥንቴ ሌሊት ሌሊት ይንቀሳቀሳል።

ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሳች።
«በጆሮሽ ነው የምትኖሪው።
ስልኩና ግጭቱ፣ የትኛው ቀደመ?»

መዋሸት እችል ነበር።
«ግጭቱ» ማለት ብቻ፤ ሦስት ፊደል።
ግን የላላን ሽቦ «ደህና ነው» ብዬ አላውቅም፣
ቢከፈለኝም ባይከፈለኝም።
«ስልኩ» አልኋት። «ሶል፣ ዶ። ከዚያ
ትንፋሽ የምታህል ዝምታ። ከዚያ ብረቱ።»

እስክሪብቶው ቆመ። ከታች አንድ ማሽን ጨርሶ ጮኸ።
ጀሶዬን አየች፤ ጫማዬን አየች።
«በዚያች ዝምታ ውስጥ እግርሽ የት ነበር?»

ዓይኔን ጨፈንሁ።
ቀኙ አስፋልት ላይ፤ ውሃ ካልሲዬ ውስጥ ገብቷል።
ግራው ምንጣፉ ላይ፣ ከመፍቻ ቦርሳዬ አጠገብ፤
እጄ የበሩን ጠርዝ ይዟል።
«አንዱ ውጭ» አልሁ። «አንዱ ገና ውስጥ።»

ጻፈች። ረጅም ጻፈች።
«ጉዞውን የዘጋው ስልኩ ነው፤
አንቺን ግን መኪናው ገና አላወረደሽም።»
ዳኛ እንዲህ ይል እንደሆነ አላውቅም፤
ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ነው።

ትናንት ማታ ማርሎን በስልኬ መልእክት ተወልኝ፦
«ሸምበቆውን ቀየርሁለት፤ አዳምጪው» ብሎ።
ከጀርባው ክላሪኔቱ ይሰማል፤
አይጮህም አሁን። ግን ሩብ ቃና ዝቅ ብሏል፣
በርሜሉን ትንሽ ወደ ውስጥ ቢገፋው ይስተካከል ነበር።
ይህን ልነግረው አልችልም።
ደግሜ ሰማሁት፤
በጤነኛው እጄ ስልኩን ዘጋሁ።