ሻላል

ታኅሣሥ ገብቶ ነበር ወደ ደሴ ስንዘልቅ፤
ጦሳ ጭጋግ ለብሶ፣ ውሻው ሲሸማቀቅ።
ፍራሹ ተወስዶ፣ ፍሪጁ ተጭኖ፣
ምስማሩ ቀረልን ግድግዳ ላይ ሆኖ።
መጽሐፍ አልነኩም። የዕብራይስጡ መዝገብ
ወለሉ ላይ ወድቆ ጠበቀኝ ሳይነበብ፤
አንዱ ገጽ ላይ ጫማ ረግጦት አደረ።
ዱካው ቃሉ ላይ ነው ብል ግጥሜ ባማረ፤
ያረፈበት ግን ሌላ ገጽ ነበረ።

ጎረቤቴ ጦይባ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ መጣች፤
ሲንጀሯን አጥታ ከባዶ ቤት ወጣች፣
አንገትጌዋ ላይ አንድ መርፌ ሰክታ፤
ደረጃው ላይ አረፈች እግሯን ዘርግታ።

«ምንድን ነው የምታነበው?»
«ሻላል» አልኳት፣ «ምርኮ፤ መዝገቡ እንዲያ ይላል፤
አሸናፊ ጭኖት ሲሄድ ሻላል ይባላል።»
«እንዲህ አጭር ነው?» አለች ሳቋን እየደበቀች፤
«እነሱ ሲጭኑ ሁለት ጀንበር ጠለቀች።»

አንዲት እናት ነበረች፣ በጥንቱ ታሪክ ውስጥ፣
ከመስኮቷ ቆማ መንገድ የምታፈጥ፤
ልጇ ከጦር ሜዳ ዘገየባት፣ ቀረ፤
«ምርኮ ሲካፈል ነው፣» ልቧ ተናገረ፤
«ባለጥልፍ ቀሚስ ያመጣልኛል» አለች፤
ልጇን ካስማ ወግቶት እሷ ትጠብቃለች።
ጦይባ ይህን ሰምታ አንገቷን ደፋች፤
«ሲንጀሬን ተቀብላ ያች እናት ምን ሰፋች?»

ሥሩን ግን ስቆፍር (ሦስት ፊደል ነው ሥሩ፣
ሺን፣ ላሜድ፣ ላሜድ) ሌላ ነው ምሥጢሩ፦
መምዘዝ ነው፤ ከነዶ ዘለላን ማውጣት።
መበለት ልትቃርም ማሳ የገባች ለት፣
ባለእርሻው አጫጆቹን ጠራና በቀስታ፣
«ከነዶው ምዘዙ፣ ይውደቅላት ላፍታ፤
አውቃችሁ ጣሉላት፤ እንዳታፍር» አለ።
በዚያም ዐረፍተ ነገር ይኸው ሥር በቀለ።
አንዱ እጅ መዝዞ ቤት ያራቁታል፤
አንዱ እጅ መዝዞ ለድሃ ይተዋል።
ሁለት ሥር ነው የሚል ሊቅ አለ፣ አልክድም፤
እኔ ግን በዚያ ታኅሣሥ ልለያቸው አልፈቅድም።

የኛስ ቋንቋ ቢሆን? «መዘዝ» ስንል ጣጣ፣
ከተመዘዘ ሰይፍ ኋላ የሚመጣ።
«ዘረፈ» ስንል ግን ለቅኔም ይሆናል፤
ሊቁ ሲዘርፍ ቢውል የማን ቤት ይጎድላል?

ደግሞ፣ አልኳት፣ አለ ሌላ፤
ከሚነድ ከተማ ለሚወጣ ባዶ እጁን፣
ነቢይ «ሻላልህ» አለው የገዛ ነፍሱን።
ጦይባ ከት ብላ ሳቀች፤ ያን ቀን መጀመሪያዋ።
«እኛም ዘርፈናላ!» አለች፤ «በሐረጎ ቁልቁለት፣
ነፍሳችንን ተሸክመን የወረድን ለት።»

በጥር፣ ሰኞ ገበያ፣ ሰልባጅ ከተነጠፈበት፣
ክርና ቁልፍ ልትገዛ አብሬያት ሄድኩ፤ ድንገት
ቆመች። አንድ ግራጫ ኮት።
ገልብጣ አየችው፤ ገበሩን፣ ስፌቱን፣
ማንም የማያየውን የብብቱን ውስጡን።
«ይሄ'ኮ የሙሄ ነው፣ ለሰርጉ ያዘዘው፤
ግራ ኪሱ እምቢ ብሎ እጄን ያደነዘዘው።»
ሻጩ ልጅ ነው፤ ቢበዛ አሥራ አራት ዓመቱ፤
ከሰው ገዛው፣ ያም ከሰው፤ አይታወቅ ቤቱ።
«ስንት ነው?» አለችው። ነገራት።
«ጥሩ ስፌት ነው» አለችው።
«አዎ፣ የድሮ እጅ ነው» አላት።

ፖሊስ ልጠራ ስል ክንዴን ጨመቀችኝ።
ከኮቱ ጠርዝ አንዲት ክር ወጥታ ነበር፤
መዘዘቻት፣
በጥርሷ በጠሰቻት፣
ኮቱን አራግፋ፣ በወጉ አጥፋ፣ መለሰችለት።

ዳገቱን ስንወጣ ብዙ ዝም አለች።
ክሯን በሌባ ጣቷ እየጠቀለለች፣
«ኮምቦልቻ አሮጌ ሲንጀር አለ ይላሉ» አለች።