ንገሪው፣ ንገሪያት

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጎሚስታው በላይ፣
አንዲት ክፍል አለች፣ ከመንገድ የማትታይ።
ደብረ ብርሃን ናትና መስኮቷ ጉም ለባሽ፣ ወለሏ ቀዝቃዛ፣
ካፖርት የማያስወልቅ፣ ፀሐይ እንኳ ሲበዛ።
ጎሚስታው ማንደፍሮ ሲያየኝ ይቀልዳል፦
«ታች እኔ እነፋለሁ፤ ላይ እሷ ታስተነፍሳለች» ይላል።
በሬ ላይ ተጽፏል፦ «የጋብቻና የቤተሰብ ምክር»፤
አንዳንዱ አንብቦት ይመለሳል፣ ሳያንኳኳ፣ ሳይናገር።

የገቡት ደግሞ አስቀድመው ይጠይቃሉ፦
«አግብተሻል ልጄ? ወልደሻል?» ይላሉ።
ግድግዳው ላይ ያለው፣ መስታወት የገባው ወረቀት
አይበቃቸውም። እውነትም አይበቃ፣ ለዚህ ዓይነት ዕውቀት።
ዩኒቨርሲቲው የነገሩን ስም ስሙን አስተማረኝ፤
ፊደሉን ግን በሰባት ዓመቴ፣ መሐል ሜዳ፣ ቤታችን ነው ያስቆጠረኝ።

አባቴ ባና ሸማኔ፣ እናቴ የበግ ጠጉር ፈታይ፤
አንዱ ከመደቡ፣ አንዷ ከምድጃው አጠገብ ድንጋይ ላይ።
አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሲኖሩ
አንዲት ቃል፣ አንድ ቀን፣ አልተነጋገሩ።
«ፈለቁ፣ ንገሪያት፦ ማግ አልቆብኛል በያት።»
«ፈለቁ፣ ንገሪው፦ ጨው ሳይገዛ ምን ማግ አለው በይው።»
ሁለት ክንድ ነው መሐላቸው፤ ይሰማማሉ እንጂ አይስማሙም፣
እኔ አፌን ከፍቼ እስክደግመው፣ አንዳቸውም አይመልሱም።
ልጅ ነኝና ቃል ማለዘብ ለመድኩ፦
«ድንጋይ ራስ» ስትል «ደክሞሃል ወይ» አልኩ፤
«ምላሷ ይቆረጥ» ሲል «ብርዱ በረታ» ብዬ አሳለፍኩ።
እነሱ ድርና ማግ፣ እኔ መወርወሪያ፣
ከዚህ ወደዚያ ስል አጣሁኝ ማረፊያ።
አራት ዓመት ተወርውሬ
አንድ ክንድ ባና አልወጣም።

ለዚህ ነው ዛሬ ሕጌ አንድ የሆነው፦ መልእክት አላደርስም።
ሽማግሌ አይደለሁም፤ ካሳ አልቆርጥም፣ አላስምልም፣
«ተይ አንቺ፣ ተው አንተ» ብዬ፣ ቁስል ሸፍኜ አልሸኝም።
ሁለቱን ወንበሮች ፊት ለፊት አደርጋለሁ፣
የራሴን ፈንጠር አድርጌ እቀመጣለሁ።
አንዳንዴ እጠይቃለሁ፦ «አባትህ ሲቆጣ፣ እናትህ ምን ትሠራ ነበር?»
ጠብም ከባልና ሚስቱ ዕድሜ ይበልጣል፤ ይወረሳል፣ እንደ በሬ፣ እንደ አጥር።

ባለፈው ማክሰኞ ወንድአፍራሽና እቴነሽ መጡ፣ ከጫጫ፣
መሬታቸው ለፋብሪካ ሄዶ፣ የካሳው ብር ሆኖ መጋጫ።
እሱ ባጃጅ ገዛ ሳይነግራት፤ እሷም የቀረውን በእህቷ ስም
ባንክ አስገባች። ሁለቱም ዐወቁ፤ አንዳቸውም አልተናገሩም።
«ንገሪያት እስቲ» አለኝ፣ ቆቡን እየጠመዘዘ።
ሰባት ዓመቴ መጣና ጉሮሮዬን ያዘ።
ወንበሬን ወደ መስኮቱ አንድ ክንድ አሸሸሁ፤
«ያቻት። ስሟን ጠርተህ ጀምር» አልኩና ጠበቅሁ።
ታች ኮምፕሬሰሩ አጓራ፣ አቆመ። ደግሞ አጓራ።
«እቴነሽ...» አለ፣ የባዕድ ስም እንደሚጠራ፣
«...ፈርቼ ነው።» «ምኑን?» አለች። «ብሩ ሲያልቅ፣
መሬት የለኝ፣ ሥራ የለኝ... በዓይንሽ ፊት እንዳላልቅ።»

አልታረቁም ያን ቀን። ይህን ልደብቅ አልችልም።
እሷ አለቀሰች እንጂ «ይቅር» አላለችውም።
ግን ደረጃውን ሲወርዱ ይጨቃጨቁ ነበር፣ በገዛ አፋቸው፣
ማንንም ሳይልኩ በመካከላቸው።

የአባቴ ሳልስት ዕለት፣ ድንኳኑ ሳይፈርስ ገና፣
እናቴ ወደ ጓዳ ጠርታኝ፣ «ፈለቁ፣ ንገሪው...» አለችና
አልጨረሰችውም። እኔም «ምን ልበለው?» አላልኳትም።
ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳነውም።
ማታ በሩን ስቆልፍ፣ ሁለቱ ወንበሮች ባዶ ሆነው ሳያቸው፣
ያቺን አንዲት መልእክት ብቻ፣ ባውቃት፣ ይዤ በሮጥኩ በመካከላቸው።