ቦታ ቁጥር አርባ ሁለት

እሑድ እሑድ ማታ፣ ስልክ ላይ ስንሰበሰብ፣
ሰላምታው ሳይሞቅ ነው ኪራይ የሚታሰብ።

ስንዱ ከፍራንክፈርት በዩሮ ትጀምራለች፣
«ማሞቂያው ለብቻ፣ ውሃውም» ትላለች።
ምንተስኖት ዱባይ ነው፤ የሚከፍለው ላልጋ፣
ባንድ ክፍል ስድስት ሰው፣ በጨርቅ የተዘጋ።
ሐዊ ናይሮቢ ነች፤ ሁለት መኝታ አላት፣
በረንዳም ጨምሮ፤ ውሃው ግን ሲያሻው ነው ብቅ የሚልላት።
እኔ ቶሮንቶ ነኝ፣ ምድር ቤት፤ መስኮቴ
ካስፋልቱ እኩል ነው፤ ሰው ሲያልፍ በቤቴ
ጫማውን አያለሁ፣ የበረዶ ጨው የበላውን፣
ፊቱን አላውቀውም፣ ከላይ ያለውን።

ዶላሩን በዩሮ፣ ዩሮውን በድርሃም፣ በሽልንግ መንዝረን፣
ስናባዛ አምሽተን፣ ስናካፍል አድረን፣
ማን ነው የተበላ? ከሁሉ የተጎዳ
እሱ ነው አሸናፊ፤ ሌላው የሱ ባለዕዳ።

አንድ ቀን ሐዊ አለች፦ «ገንዘቡን ተዉት በቃ፣
ሰዓቱን ቁጠሩ፤ ስንት ሰዓት ቆማችሁ፣ ጀርባችሁ ሲደቃ?»
ቆጠርን። ከወሩ ውስጥ አሥራ አራት ቀን ሙሉ
አራት ግድግዳዎች ላቤን ይበላሉ።

ይህ ግጥም እንኳ ይኸው በየስንኙ ቤት ይመታል፣
ወር ሲሞላ ታዲያ ማን ይጠይቀዋል?

ያልነገርኳቸው ግን የሥራዬን ጉዳይ፦
መኪና ነው የምጠብቅ፣ ከባንኮቹ ሥር፣
ሦስት ፎቅ ወደ ታች፣ ከማይደርስበት ፀሐይ።
ቦታ ቁጥር አርባ ሁለት ላይ፣ አንዱ፣ ግራጫ ልብስ ለብሶ፣
ከመስከረም ወዲህ ተኝቷል፣ ጎማው አቧራ ቀምሶ።
ባለቤቱን አላውቅም፤ ኪራዩን ግን አየሁ፣
ከሐዊ ቤት ይበልጣል፤ መዝገቡን ዘግቼ፣ ደግሜ ገለጥሁ።
አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳያየኝ፣
በእርምጃ ለካሁት፤ ከክፍሌ ባንድ ጫማ በለጠኝ።

ባለፈው እሑድ ነገርኳቸው። ምንተስኖት ከት ብሎ ሳቀ፣
ከጨርቁ ማዶ አንዱ «ዝም በል!» ቢለው፣ ድምፁ ደቀቀ።
ሐዊ ማስሊያዋን እንደያዘች ዝም አለች።
ስንዱ ብቻ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ እንዲህ ጠየቀች፦
«ማሞቂያውስ? ለብቻ ነው?»

«የለም፤ ከኪራዩ ጋር ነው።»