ሰባት ቁጥር

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ኬሚ፣ ወደቡ ላይ፣
ባሕሩ ጠጥሮ ሆኖ ነጭ አደባባይ፣
በጥቁሩ መስኮት ጠቋሚው ብልጭ ድርግም፤
የምጽፍለት መስመር ከአንድ አይበልጥም፦
የማመንጫው ስም፣
የውሉ ፋይል ስም፣
የሚጥልበት ማኅደር።
አስገባ።

የሻዬ እንፋሎት ገና ሳይከስም
አራት ሺህ መስመር ኮድ። ማንም አልጻፈውም።
ማንም አላማጠውም።
ግንባሩ ላይ ብቻ፦
«በማሽን የተሠራ። በእጅ እንዳይነካ።»
ነክቼው አውቃለሁ፣ ምን ይመጣል ብዬ፣
በኅዳር፣ አንዲት ቃል፣ ውሉን መክፈት ታክቶኝ።
በማግስቱ ትእዛዝ ጠራርጎ ወሰደው፣
የጀልባ ፈለግን ውሃ እንደሚከድነው።

ሥራው ይኼ ነው፦ ሩቁን ቅርብ ማስመሰል።
እዚህ ተቀምጬ «የበረዶው ውፍረት?» ስል
የሚሰማኝ ከጎኔ ያለ እንደራሴ ነው፤
እንደ ራሴ ግን አይሳሳት፣ አይደክመው።
ጥያቄዬን ጠቅልሎ፣ በቁጥር አስሮ፣
ከባሕሩ ወለል በታች በገመድ አሻግሮ፣
ሉሌዮ ላለው አገልጋይ ይሰጣል፤
መልሱን ተቀብሎ ፈትቶ ያመጣል።
እኔ የማየው ጠራሁ፣ መለሰ።
መሃል ያለው ባሕር ኮዱ ውስጥ የለም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል።
በኛ ገመድ ላይ ግን ስም ከደጅ ይቀራል፤
መንገዱን የሚሄድ ቁጥር ነው። ሦስት፣ ነፋስ።
አምስት፣ ሙቀት። ሰባት፣ ድሮ፣ በረዶ።
ስሙን ብትለውጠው አንድም ሰው አይሰማም፤
ቁጥሩን የነካህ ቀን
ግን ይህን አሁን ነው የማወራው።

ያለፈው ሐሙስ ካሊና የምትባል መርከብ
ጥቅል ወረቀት ጭና ከደሴቱ ማዶ ቆመች፤
ቆማ አደረች።
በረዶ ሰባሪዋ ዘገየች፣ አልቸኮለችም፤
ካፒቴኗ ፊት ያለው አሮጌ ስክሪን
«ውፍረት፦ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር» ይል ነበርና።
ዘጠኝ ለሷ ምኗም አይደል።
ንጋት ላይ አውሊስ በሬዲዮ መጣ፦
«የናንተ ዘጠኝ እዚህ ወገቤ ይደርሳል» አለ።
ሌላም አለ። አልጽፈውም።

ዘጠኝ ሰው ነበረ።
የካሊና መርከበኛ፣ ከነወጥ ቤቱ ዘጠኝ፣
በረዶ ተብሎ የተነበበ።

ቶርግኒ ጋ ደወልኩ። በስልክ፣ በአፌ።
አሥራ አንድ ዓመት አንድ ፋይል ላይ ተጽፈን፣
እሱ ከወዲያ ዳር፣ እኔ ከወዲህ፣
ድምፁን ሰምቼው አላውቅም፤ ጡረታ ወጥቷል።
ከጀርባው እንጨት ሲንጣጣ ይሰማል።
«ሰባት?» አለ። «ዘግቼው ነበር እኮ፣
በረዶን ወደ አሥራ ሁለት ሳዛውር።
አሮጌ መርከቦች አሉ፤ አይረሱም።
ማን ከፈተው?»

የፋይሉን ታሪክ ወደ ኋላ ገለጥኩ።
መስከረም፣ አርብ፣ ከሥራ መውጫ ላይ፣
«የመርከበኛ ብዛት ተጨመረ፤ ሰባት ባዶ ነው።»
ከጎኑ ስም አለ።
ቱሊኪ።
ለካ ስምም ይውላል፣ ከጥፋት በላይ።

ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ፤ እንጨቱ ብቻ።
ቆይቶ ሳቀ፣ ሳል እንደሚመስል፦
«አራት ለምን ዝግ እንደሆነ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»
አላውቅም። ከመቀጠሬ በፊት ዝግ ነበር፤
እንዳልሆነ ጥርስ አልፌው ነበር የምሄደው።
«እኔ ነኝ» አለ። «አንዲት ጀልባ፣ አንድ ክረምት።
ማንም አልሞተም» አለ፣ ሳልጠይቀው።

ዛሬ ሌሊት ውሉን ከፍቼ በእጄ ጻፍኩ፦
የተከለለ፦ አራት፣ ሰባት።
ምክንያት አልጨመርኩም። ጨመርኩ። መልሼ አጠፋሁ።
ከዚያ ያቺን አንድ መስመር።
አስገባ።

ምንም አላለኝም።
የተሳካ ትእዛዝ አይናገርም፤
ጠቋሚውን ብቻ አዲስ መስመር ላይ ያቆማል።
ሻዩን አነሳሁ፤ ገና ትኩስ ነው።
ከውጭ፣ ከጨለማው፣ ሰባሪዋ
በረዶውን ስትረግጥ ይሰማኛል፤
አሥራ ሁለት ቁጥር፦ ሰማንያ ሦስት።