ጥቅል ጎመን

ወሩ ሃያ ሦስት ሆነ፤ ኪሴን አውጥቼ አነበብኩ፣
አራት መቶ አሥር ብር፤ ደግሜ ደጋግሜ ቆጠርኩ።
አራሚ ነኝ በሙያዬ፤ የሰው ስሕተት እለቅማለሁ፣
ነጠላ ሰረዝ ስትጠፋ ከሩቅ አይቼ አውቃለሁ፤
የጎደለ ብር ግን
በቀይ እስክሪብቶ አይሞላም።

ከአራት ኪሎ፣ ከማተሚያ ቤቱ ወጥቼ
ቁልቁል ወደ ግንፍሌ፣ ፌስታሌን በኪሴ አጣጥፌ።
ይርገዱ ጉልቷ ላይ ናት፣ ከተቀደደው ጃንጥላ ሥር፤
ቲማቲሟ በመደብ በመደብ፣
አራት ከታች፣ አንድ ከላይ፣
ፎቶ ሊነሳ እንደተሰበሰበ ቤተሰብ።

«ግማሽ መደብ ትሸጪልኛለሽ?»
ከጫማዬ እስከ መነጽሬ አየችኝ።
«መደብ ግማሽ የለውም ጋሼ።
ባይሆን የላሸቀውን ልመርቅልህ።»
የላሸቀ ለስልስ ነው፤ እሷም ታውቃለች፣ እኔም።
ተመረቀልኝ፤ አላኮረፍኩም።

ለአንድ ሰው መሸመት የራሱ ሰዋስው አለው፤
ገበያው በብዙ ቁጥር ይጠይቃል፣
እኔ በነጠላ እመልሳለሁ።
ምስር ክክ ሩብ ኪሎ፣
ለሦስት ማታ ተከፍሎ።
ቀይ ሥር አንድ፣ ከነቅጠሉ፤
ቅጠሉም ጎመን ነው፣ ምነው ሰዎች ይጥላሉ?
የሽንኩርት ግማሽ፣ ሲኒ ተደፍቶበት፣ ነገን ይጠብቃል፤
ዘይት ከጠርሙስ አይንቆረቆርም፣ በማንኪያ ይለካል።
የሰኞ እንጀራ ሐሙስ ትደርቃለች፤
ደረቀች ካልኳት ታሳዝናለች፣
ድርቆሽ ስላት ግን
ሆን ብዬ ያደረቅኳት ትመስላለች።

ጥቅል ጎመኑ ነው ያስቸገረኝ።
ታቅፌ አነሳሁት፣ እንደ ሰው ልጅ ከበደኝ።
ለአንድ ሰው ይህ ምግብ አይደለም፣
የአንድ ሳምንት እስራት ነው፤
እሑድ ጎመን፣ ሰኞ ጎመን፣ አርብ ሽታው ብቻ።
ላስቀምጠው ስል አንድ እጅ ከጎኔ መጣ፣
ጥፍሩ ላይ የጎማ ጥላሸት ያለበት።
«ይከፈል?» አለኝ።

ሙዘይን ይባላል፤ ስሙን በኋላ ነው የሰማሁት፤
ከማደያው ጀርባ ጎሚስታ ነው፤ እሱም አንድ ድስት፣ አንድ ማንኪያ።
ይርገዱ «እናንተ ወንዶች!» ብላ ሳቀች፣
ቢላዋዋን በቀሚሷ ጠርጋ
ከመሐሉ ሰነጠቀችው።

ውስጡን ያየ አለ?
ገጽ በገጽ ላይ ተጣጥፎ፣
ነጭ፣ ጥብቅ፣ አንድም እርማት የማይሻ።
«ግንዱ ያለበት ላንተ።»
«ኧረ ላንተ!»
እንዲህ ተግደርድረን፣ ብራችንን አዋጥተን፣
እሱ ወደ ማዶ፣ እኔ ወደ ዳገቱ።
ና ብላ አላለኝም፤ እኔም አላልኩትም።

ማታ
ቃሪያ አንድ፣ ነጭ ሽንኩርት ሁለት ፍሬ፣
ጎመኑ በራሱ ውሃ በሰለ።
ጠረጴዛዬ የአልጋዬ ጠርዝ ነው፤
የትናንቱን የእርማት ወረቀት አነጠፍኩ፣
እንግዳ እንደሚመጣ ሰው ሳሕኑን ወለወልኩ፣
እጄን ታጥቤ፣ ሳልቸኩል፣ በላሁ።
ጣፈጠኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላሉ።
በስንቱ መጽሐፍ ውስጥ አሳልፌዋለሁ፤
ፊደሉ ልክ፣ ነጥቡ ልክ፣ ምን እላለሁ?
ዛሬ ግን ከግንፍሌ ማዶ
ሌላኛው ግማሽ በሌላ ድስት ይንተከተካል፤
እሱ ምናልባት ሚጥሚጣ አብዝቶበታል፣
ምናልባት ከኮቾ ጋር ይበላዋል።
ታዲያ እኔ ብቻዬን ነው የበላሁት?
ከተነጠፈው ወረቀት ጠርዝ ላይ፣ ወጥ ባልነካው በኩል፣
ትንሽ የጥያቄ ምልክት አኖርኩ።

ይርገዱ ቅዳሜ ዱባ ይገባል ብላለች።
ዱባ ደግሞ
ለሁለትም ይበዛል።